ስለ 4,294,967,297፦ 641 ከየት መጣ?

የማታ ተማሪ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። በማታ ትምህርት የቁጥር ንድፈ ሐሳብ መግቢያ እየተማርኩ ነው። ባለፈው ሳምንት መምህራችን 4,294,967,297ን ሰሌዳው ላይ ጻፉና፣ ይህ ቁጥር ከዘጠና ዓመት በላይ ብቸኛ ቁጥር (ለ1 እና ለራሱ ብቻ የሚካፈል) ነው ተብሎ ሲገመት ቆይቶ የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል እንዳሳየ ነገሩን፤ ከዚያም ከሥሩ 641 × 6,700,417 ብለው ጽፈው ወደ ሌላ ርዕስ አለፉ። ማባዛቱን ቤቴ ሠርቼ አይቼዋለሁ፤ ትክክል ነው። እኔን ያልገባኝ 641 ራሱ ነው። ብቸኛ ቁጥሮችን ከ2 ጀምሬ በተራ ብቆጥር 641 የሚገኘው 116ኛው ቦታ ላይ ነው። ኦይለር 115 ጊዜ አካፍሎ፣ ሁሉም ቀሪ ሲተውበት ሳይሰለች በ116ኛው ነው የደረሰበት? ወይስ ቁጥሩ ራሱ የሚጠቁመው ነገር ነበረ? መልሱን የሚያውቅ ካለ ደረጃ በደረጃ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል፤ መካፈልና ማባዛት አያስፈራኝም፣ ምልክት ሲበዛ ግን እጠፋለሁ።

ቀመር ወዳድ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡55)

ጥሩ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ላስቀምጥ። ከ2 ተነሥተን እያንዳንዱን ውጤት በራሱ እያባዛን ብንሄድ 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536፣ 4,294,967,296 እናገኛለን። በእያንዳንዳቸው ላይ 1 ስንጨምር ደግሞ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537፣ 4,294,967,297 ይሆናሉ። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። በፈረንሳይ ቱሉዝ በሕግ ሥራ ይተዳደር የነበረው ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 በጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ ማረጋገጫ እንደሌለው ሳይሸሽግ፣ ሰልፉ እስከ መጨረሻው ብቸኛ ቁጥሮችን ብቻ ይሰጣል የሚል እምነቱን ገለጸ። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር የእርስዎ ቁጥር «አምስተኛው የፌርማ ቁጥር» ይባላል። የሒሳብ ሊቁ ጎልድባክ በ1729 ለኦይለር በላከው ደብዳቤ ጉዳዩን አነሣበት፤ ኦይለርም በ1732 641ን ይዞ ብቅ አለ። በዚያ ጽሑፉ ግን አካፋዩን ሰጠ እንጂ ያገኘበትን መንገድ አላብራራም። ስለዚህ መምህርዎ ዝም ብለው ማለፋቸው፣ ሳያስቡትም ቢሆን፣ ከታሪኩ ጋር ይስማማል።

መንገዱን ሌሎች እስኪጽፉ ድረስ፣ ባለ አሥር አሃዙን ቁጥር ሳይነኩ 641 አካፋይ መሆኑን የሚያዩበትን ዘዴ ልስጥዎት። 256ን በ256 ያባዙ፤ 65,536 ይሆናል። ይህ ለ641 ሲካፈል ድርሻው 102፣ ቀሪው 154 ነው። አሁን ትልቁን ቁጥር ይተዉትና ቀሪውን ብቻ በራሱ ያባዙ፤ 154 × 154 = 23,716። 641 × 37 ደግሞ 23,717 ነው። አንድ ብቻ ጎደለ ማለት ነው። እንግዲህ 65,536 በራሱ ሲባዛ ለ641 በትክክል ለመካፈል የሚጎድለው 1 ነው፤ ያንን 1 ስንጨምርበት 4,294,967,297 ይሆንና ያለ ቀሪ ይካፈላል። ይህ ሁሉ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ያልቃል።

ሥሌት በእጅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40)

ቀመር ወዳድ የጻፉት 641ን ካወቅን በኋላ የምናረጋግጥበት ነው፤ ተማሪው የጠየቁት ግን እንዴት ይታወቃል የሚለውን ነው። ምልክት ሳላበዛ ልሞክር።

ቁጥራችንን ያለ ቀሪ የሚያካፍል አንድ ብቸኛ ቁጥር አለ እንበልና ስሙን ሀ እንበለው። 2³² + 1 ለሀ ስለሚካፈል፣ 2³² ለሀ ሲካፈል አንድ ይጎድለዋል፤ በሌላ አነጋገር ቀሪው −1 ነው። በራሱ ስናባዛው −1 በ−1 ሲባዛ 1 ነውና፣ 2⁶⁴ ቀሪው 1 ይሆናል። አሁን 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያልን ቀሪዎቹን ብቻ ብንከታተል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ 1 የሚመጣው በስንተኛው እርምጃ ነው? ይህ የዙር ርዝመት ነው፤ ቀሪዎቹ 1 ላይ ከደረሱ በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው ይደግማሉ። በ64ኛው እርምጃ 1 ስላለን የዙሩ ርዝመት የ64 አካፋይ መሆን አለበት። 32 ወይም ከ32 በታች ቢሆን ኖሮ በ32ኛው እርምጃም 1 እናገኝ ነበር፤ እዚያ ያለው ግን −1 ነው። ስለዚህ የዙሩ ርዝመት ልክ 64 ነው።

እዚህ ላይ የፌርማ የራሱ ሕግ ይገባል። እሱም በዚያው በ1640 የጻፈው ነው፦ ሀ ጎዶሎ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ ከሀ በአንድ ባነሰው እርምጃ ላይ ቀሪው ሁልጊዜ 1 ነው። ዙሩ በየ64 እርምጃው ብቻ 1 የሚሰጥ ከሆነ፣ ከሀ አንድ ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር የ64 ብዜት ካልሆነ አይሆንም። ስለዚህ የ4,294,967,297 ብቸኛ አካፋይ ሁሉ የ64 ብዜት ላይ 1 የተጨመረበት ቁጥር ነው። እነሱን እንዘርዝር፦ 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641። ከእነዚህ ብቸኛ የሆኑት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ብቻ ናቸው። 116 ሙከራ የመሰለን አምስት ሙከራ ሆነ፤ አምስተኛውም ይሳካል።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ መሣሪያው ከፌርማ እጅ መውጣቱ ነው። ሕጉን ያገኘው እሱ፣ ግምቱን የገመተውም እሱ፣ ያውም በአንድ ዓመት። አምስት ጊዜ አካፍሎ ግምቱን ራሱ ሊያፈርሰው ይችል ነበር። ምናልባት ሠርቶት በአንዱ መቀነስ ተሳስቶ ይሆናል የሚል ግምት አለኝ፤ ከግምት ግን አያልፍም።

ጂኦሜትሪ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05)

ከአምስትም ያነሰ ነው። አካፋዩ የ128 ብዜት ሲደመር 1 መሆን እንዳለበት ይታወቃል፤ ዝርዝሩ 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641 ነው። ብቸኞቹ 257 እና 641 ብቻ ስለሆኑ ኦይለር የሞከረው ሁለት ጊዜ ነው።

ሥሌት በእጅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30)

የ128ቱ ሕግ እውነት ነው፣ ኦይለር ግን አልተጠቀመበትም። ኦይለር በኋላ መንገዱን ሲያብራራ የሰጠው የ64ቱን ሕግ ነው፤ ወደ 128 ያጠበቀው ኤዱዋር ሉካስ ሲሆን ይኸውም በ1878 ነው። መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ያለፈበትን ነገር ለኦይለር ባንሰጠው ይሻላል።

ሕጉ እንዴት እንደጠበቀ ግን ማሳየት ተገቢ ነው፤ በጣም የሚያምር ቦታ ላይ ነውና ያለው። 16,776,960 የሚለውን ቁጥር ይውሰዱ፤ እሱም 256 በ65,535 ሲባዛ የሚገኘው ነው። በራሱ ሲያባዙት 281,466,386,841,600 ይሆናል። ይህን ለ4,294,967,297 ያካፍሉት፤ ድርሻው ልክ 65,534፣ ቀሪው 2 ነው። ስለዚህ በዚህ ቁጥር የቀሪ ዓለም ውስጥ 16,776,960 የ2 ዳግም ዘር ነው ማለት ነው። ለትልቁ ቁጥር የሠራው ለአካፋዩ ለሀም ይሠራል። 2 በ64 እርምጃ ዙሩን የሚጨርስ ከሆነ፣ በራሱ ተባዝቶ 2 የሚሰጠው ቁጥር ደግሞ እጥፍ እርምጃ ይፈልጋል፤ ዙሩ 128 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው የፌርማ ሕግ እንደ ቅድሙ ነው።

የማታ ተማሪ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20)

ሥሌት በእጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ64ቱን ሁለት ጊዜ አንብቤ ገባኝ፤ የ16,776,960ን ማባዛት ደግሞ ቁርስ ሳልበላ ሠራሁት፣ ልክ ነው። ግን አንድ ነገር ይቀረኛል። 6,700,417ስ ብቸኛ ነው? ወይስ እሱም ሌላ አካፋይ ሊኖረው ይችላል? መምህራችን እዚያ ላይ ቆሙ።

ቀመር ወዳድ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡00)

በዚያው ሕግ ይመልሱት። 6,700,417 ተተንታኝ (ማለትም ብቸኛ ያልሆነ) ቢሆን ከዳግም ዘሩ የማይበልጥ ብቸኛ አካፋይ ሊኖረው ግድ ነው፤ ዳግም ዘሩ 2,588 ገደማ ነው። ያ አካፋይ የትልቁም ቁጥር አካፋይ ስለሚሆን የ128 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት። እስከ 2,588 ድረስ እንዲህ ያሉ ብቸኛ ቁጥሮች ስንት እንደሆኑ ቢቆጥሩ ይገረማሉ፤ መልሱን ግን አልነግርዎትም።

ፈጣን መልስ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡15)

ይህን ሁሉ ድካም የሚያስቀር አጭር መንገድ አለ። ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑን ለመመርመር 2ን ከቁጥሩ በአንድ ባነሰው አርቢ አርብቶ ለራሱ ለቁጥሩ ማካፈል ነው፤ ቀሪው 1 ከሆነ ብቸኛ ነው። ኮምፒውተር በቅጽበት ይሠራዋል። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ለ4,294,967,297 ቀሪው 1 ነው የሚመጣው። ታዲያ እንዴት ተተንታኝ ሊሆን ይችላል? በምርመራው መሠረት ብቸኛ ነው።

ሥሌት በእጅ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡05)

ወዳጄ፣ 641 × 6,700,417 ዓይናችን ፊት ተቀምጦ ምርመራው ብቸኛ ነው ካለ፣ የሚጠረጠረው ምርመራው ነው። ብቸኛ ቁጥር ሁሉ ቀሪ 1 ይሰጣል፤ ቀሪ 1 የሰጠ ሁሉ ግን ብቸኛ አይደለም። የፌርማ ቁጥሮች ደግሞ በ2 ሲመረመሩ ማለፋቸው አስቀድሞ የተወሰነ ነው። 2³² ቀሪው −1፣ 2⁶⁴ ቀሪው 1 መሆኑን ትናንት ተነጋግረናል፤ ከቁጥራችን አንድ ሲቀነስ የሚገኘው 4,294,967,296 የ64 ብዜት ስለሆነ፣ 2 በዚያ አርቢ ቀሪው 1 ከመሆን ሌላ ዕድል የለውም። ብቸኛ ሆነም አልሆነም ያልፋል። ፈተናውና ተፈታኙ ከአንድ ቤት የወጡ ስለሆኑ ምንም አልተፈተነም።

በ2 ምትክ 3ን ይጠቀሙ። በ1877 ቴዎፊል ፔፓን ያወጣው መመዘኛ ይህን ይላል፦ የፌርማ ቁጥር (ከ3 ከራሱ በቀር) ብቸኛ የሚሆነው፣ 3 ከቁጥሩ አንድ ተቀንሶለት በተገመሰው አርቢ ሲረባ ቀሪው −1 ከሆነ ነው፤ አለዚያ አይደለም። እዚህ ከ3 ተነሥቶ እያንዳንዱን ውጤት በራሱ ማባዛትን 31 ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል፣ በየደረጃው ቀሪውን ብቻ እየያዙ። መጨረሻ ላይ የሚመጣው 10,324,303 ነው። ብቸኛ ቢሆን ኖሮ 4,294,967,296 መምጣት ነበረበት። አንድ እርምጃ ጨምረው 10,324,303ን በራሱ ቢያባዙ ደግሞ ቀሪው 3,029,026,160 ይሆናል እንጂ 1 አይሆንም። በዚህ መንገድ 641ን ጨርሶ ሳያውቁ ቁጥሩ ተተንታኝ እንደሆነ ያውቃሉ። በ1640 ይህን በእጅ መሥራት አሰልቺ ነበር፤ የማይቻል ግን አልነበረም።

ፈጣን መልስ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20)

ተረድቻለሁ። በ3 ሞከርኩትና 3,029,026,160 መጣልኝ። ስለ እርምቱ አመሰግናለሁ።

ጂኦሜትሪ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡45)

ትናንት በታሪኩ ስለተሳሳትኩ ዛሬ ካሣ ይዤ መጥቻለሁ። ይህ ቁጥር ተተንታኝ መሆኑን ማካፈልን ጨርሶ ሳይነኩ፣ በካሬዎች ብቻ ማየት ይቻላል።

ቁጥሩ የሁለት ካሬዎች ድምር መሆኑ ግልጽ ነው፦ 65,536² + 1²። ኦይለር ራሱ ያረጋገጠው አንድ ሕግ እንዲህ ይላል፦ አንድ ጎዶሎ ብቸኛ ቁጥር የሁለት ካሬዎች ድምር ከሆነ፣ የሚሆንበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛ መንገድ ከተገኘ ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም። አሁን ይህን ይመልከቱ፦ 62,264² = 3,876,805,696፤ 20,449² = 418,161,601፤ ድምራቸው 4,294,967,297። ሁለተኛው መንገድ ይኸው። (20,449 ራሱ 143 በ143 መሆኑ ለምንም አይጠቅመንም፣ ግን አይቶ ማለፍ አልቻልኩም።)

ከሁለቱ መንገዶች አካፋዩን ማውጣትም ይቻላል። 65,536 ሲቀነስ 62,264 እኩል ይሆናል 3,272፤ 20,449 ሲቀነስ 1 እኩል ይሆናል 20,448። የሁለቱ ልዩነቶች ትልቁ የጋራ አካፋይ 8 ነው። ሁለቱንም ለ8 ስናካፍል 409 እና 2,556 ይቀራሉ። 409² ሲደመር 2,556² ስንት ነው? 167,281 + 6,533,136 = 6,700,417። አካፋዩ በራሱ እግር መጣ።

በተቃራኒው አቅጣጫም ይሄዳል። 641 = 25² + 4²፣ 6,700,417 = 2,556² + 409² ነው። 25 በ2,556 ሲባዛ 63,900፣ 4 በ409 ሲባዛ 1,636 ይሆናል። ሲደመሩ 65,536፣ ሲቀናነሱ 62,264። 25 በ409 ሲባዛ 10,225፣ 4 በ2,556 ሲባዛ 10,224፤ ሲቀናነሱ 1፣ ሲደመሩ 20,449። ያ «ሲደመር 1» የሚባለው ነገር ከ10,225 እና ከ10,224 ልዩነት እንደሚወጣ ያወቅሁ ዕለት፣ በሥራ ቦታዬ ለማን እንደምነግረው ቸግሮኝ ዋልኩ።

ቀመር ወዳድ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30)

ካሣው ተቀባይነት አግኝቷል። ጂኦሜትሪ 641 = 25² + 4² ብለው ስለጻፉ፣ ከዚያው የሚወጣውን አጭሩን ማረጋገጫ ላክልበት። 25² ማለት 5⁴፣ 4² ማለት 2⁴ ነው፤ ስለዚህ 641 = 625 + 16። በሌላ በኩል 641 = 640 + 1፣ እሱም 5 × 128 + 1። ከሁለተኛው፣ 5 × 2⁷ ለ641 ሲካፈል ቀሪው −1 ነው፤ አራት ጊዜ ሲረባ 5⁴ × 2²⁸ ቀሪው 1 ይሆናል። ከመጀመሪያው ደግሞ 5⁴ ቀሪው ከ−2⁴ ጋር እኩል ነው። 5⁴ን አውጥተን −2⁴ን ብንተካበት፣ −2³² ቀሪው 1 ነው፤ ይህም 2³² + 1 ለ641 ይካፈላል ማለት ነው። ሦስት መስመር ናት፤ ነገር ግን ይህቺን ማረጋገጫ ለተማሪ መጀመሪያ ማሳየት ጥፋት ይመስለኛል፣ 641 ከሰማይ የወረደ ያስመስላታልና። ከአምስቱ ሙከራ በኋላ ስትመጣ ነው የምትጣፍጠው።

ኮድ ጸሐፊ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15)

ይህ ቁጥር በእኛም ሥራ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ባለ 32 ቢት ያልተፈረመ ሙሉ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው ትልቁ 4,294,967,295 ነው፤ የቀድሞው የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓትም ባለ 32 ቢት ስለሆነ በጠቅላላ 4,294,967,296 አድራሻዎች ብቻ ናቸው ያሉት። የእርስዎ ቁጥር ከዚህ አጥር አንድ እርምጃ ወጣ ብሎ የቆመ ነው፤ በሁለትዮሽ ሲጻፍ 1፣ ከዚያ 31 ዜሮዎች፣ ከዚያ 1 ነው፣ ሠላሳ ሦስት ቢት። ስለዚህ በ32 ቢት 641ን በ6,700,417 ብታባዙ ከላይ ያለው ቢት ይፈስና መልሱ 1 ሆኖ ይቀርባል። የዚህን ምክንያት ሳላውቅ አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ስህተት ፍለጋ አጥፍቻለሁ።

ይህ ግን ጥቅምም አለው። አንድን የ32 ቢት ቁጥር ለ641 ማካፈል ከተፈለገ፣ በ6,700,417 አባዝቶ የታችኛውን 32 ቢት ጥሎ የላይኛውን መያዝ ይበቃል። በ6,700,417 ማባዛት ማለት በ4,294,967,297 አባዝቶ ለ641 ማካፈል ስለሆነ፣ በ4,294,967,296 ምትክ በአንድ የሚበልጠውን በመጠቀማችን የሚፈጠረው ትርፍ ከ1/641 ያነሰ ነው፤ ድርሻውን ወደሚቀጥለው ሙሉ ቁጥር የማሻገር አቅም የለውም። ኮምፒውተር ከማካፈል ማባዛት ስለሚቀለው አቀናባሪ ፕሮግራሞች ማካፈልን እንዲህ ወደ ማባዛት ይለውጣሉ፤ ለአብዛኞቹ አካፋዮች ግን ማስተካከያ ያስፈልጋል። 641 ምንም ማስተካከያ ሳይፈልግ ልክ የሚገባ ነው።

የባሕረ ሐሳብ ወዳጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00)

ውይይቱን በዝምታ ስከታተል ነበር። ማባዛት ከተነሣ አይቀር፣ በውጭ አገር መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» እየተባለ በሚጠራው፣ የጥንት ግብፃውያንም በሚያውቁት ዓይነት፣ አንዱን እየገመሱ ሌላውን እጥፍ እያደረጉ በሚሠራው ዘዴ 641ን በ6,700,417 አባዛሁት። 641ን እየገመስን (ግማሽ ሲተርፍ እየጣልን) እንወርዳለን፤ 6,700,417ን እያጠፍን እንወጣለን።

641 — 6,700,417
320 — 13,400,834
160 — 26,801,668
80 — 53,603,336
40 — 107,206,672
20 — 214,413,344
10 — 428,826,688
5 — 857,653,376
2 — 1,715,306,752
1 — 3,430,613,504

በግራ በኩል ጎዶሎ ቁጥር ያለባቸውን ረድፎች ብቻ እንደምራለን፤ እነሱም 641፣ 5 እና 1 ናቸው። 6,700,417 + 857,653,376 + 3,430,613,504 = 4,294,967,297። ከአሥር ረድፍ ሦስቱ ብቻ መቆጠራቸው ዕድል አይደለም። ከ641 ቀጥሎ እስከ 10 ድረስ ያሉት ሁሉ ያለ ትርፍ የሚገመሱ ናቸው፤ ያ የሆነው 641 አምስት ጊዜ 128 ሲደመር አንድ ስለሆነ ነው። ሥሌት በእጅ የጻፉት ሕግ በሰንጠረዡ ላይ በዓይን ይታያል።

በግእዝ አኃዝ ሲጻፍ ደግሞ ፵፪፼፺፬፻፺፮፼፸፪፻፺፯ ይሆናል፤ አካፋዮቹ ፮፻፵፩ እና ፮፻፸፼፬፻፲፯ ናቸው። የ6,700,417 ዜሮዎች በግእዙ የሉም፤ ዜሮ በሌለበት አጻጻፍ ቦታቸውን የሚሞላ አያስፈልግምና።

ጂኦሜትሪ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡25)

ስሜ ስለሚያስገድደኝ አንድ አንቀጽ ብቻ። በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠሩ የሚችሉ፣ የጎናቸው ብዛት ጎዶሎ የሆነ፣ እኩል ጎንና እኩል ማዕዘን ያላቸው ጎነ ብዙዎች፣ የጎናቸው ብዛት አንድ የፌርማ ብቸኛ ቁጥር ወይም የተለያዩ የፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች እርስ በርስ ተባዝተው የሚሰጡት ውጤት የሆነ ብቻ ናቸው፤ ጋውስ መሥራት የሚቻልበትን ወገን በ1801 አሳተመ፣ ቫንትሴል ደግሞ ሌላው እንደማይቻል በ1837 አረጋገጠ። 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 ስንት ነው? 4,294,967,295። ከቁጥራችን በሁለት ብቻ ያንሳል። ስለዚህ 4,294,967,295 ጎን ያለው ቅርጽ በመርሕ ደረጃ ሊሠራ ይችላል፤ በሁለት ጎን የሚበልጠው የእኛው ግን 641 የፌርማ ቁጥር ስላልሆነ አይቻልም። ይኸው የሁለት ልዩነት 257 ለምን አካፋይ ሊሆን እንደማይችልም ይነግረናል፦ 257 የ4,294,967,295 አካፋይ ስለሆነ፣ ሁለት ስንጨምር ቀሪው 2 ነው። እንግዲህ በሉካስ ሕግ የሚሄድ ሰው 257ን ያለ ሙከራ ጥሎ በመጀመሪያው ማካፈል 641 ላይ ይደርሳል።

የማታ ተማሪ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40)

ቀመር ወዳድ የሰጡኝን የቤት ሥራ ጨርሻለሁ። እስከ 2,588 ድረስ የ128 ብዜት ሲደመር 1 የሆኑት ሃያ ናቸው፤ ብቸኞቹ አምስት ብቻ ሆነው አገኘኋቸው፦ 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409። 6,700,417ን ለእነዚህ ሳካፍል ቀሪዎቹ በተራ 170፣ 44፣ 120፣ 334 እና 622 ናቸው። አንዳቸውም ዜሮ ስላልሆኑ 6,700,417 ብቸኛ ነው። ለማረጋገጥ ሦስት ሰዓት ይፈጅብኛል ብዬ ነበር፤ ሃያ ደቂቃም አልሞላ።

አሁን የሚቀጥለውን ልሞክር ፈለግሁ፤ 2⁶⁴ + 1፣ ማለትም 18,446,744,073,709,551,617። እዚህ አካፋዩ የ256 ብዜት ሲደመር 1 ይሆናል ማለት ነው?

ቀመር ወዳድ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10)

አምስቱም ቀሪዎች ልክ ናቸው። አዎን፣ 256 ነው፤ ነገር ግን እንደ 641 በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አይጠብቅዎትም። ፎርቱኔ ላንድሪ በ1880 በሰማንያ ሁለት ዓመቱ ያሳተመው ትንተና 274,177 × 67,280,421,310,721 ነው። 274,177 ማለት 256 በ1,071 ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ከባድ ናቸው፤ ቀጣዩ የተተነተነው በ1970 በኮምፒውተር ነበር። ከአምስቱ የፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች በኋላ ስድስተኛ እስካሁን አልተገኘም፤ ከአምስተኛው እስከ ሠላሳ ሁለተኛው ያሉት ሁሉ ተተንታኝ መሆናቸው ታውቋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ሃያኛውና ሃያ አራተኛው ተተንታኝነታቸው ተረጋግጦ አንድም አካፋያቸው ግን አልታወቀም።

የማታ ተማሪ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡50)

የስልኬ ማስያ ሃያ አሃዝ አልቀበልም አለኝ፤ ስለዚህ ሰኞ ማታ በሰጡኝ ዘዴ፣ ቀሪውን ብቻ እየያዝኩ ሄድኩ። 65,536 በራሱ ሲባዛ 4,294,967,296 ነው፤ ለ274,177 ሲካፈል ቀሪው 258,768 ሆነ። ይህ ትልቅ ስለሆነብኝ ከ274,177 ቀንሼ −15,409 አልኩት። 15,409 በራሱ 237,437,281 ነው። 274,177 በ866 ደግሞ 237,437,282 ይሆናል።

አንድ ጎደለ።

ሥሌት በእጅ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡58)

ልክ ነው።